ሦስት ነጥብ አራት ዲግሪ

ቴርሞሜትሮቹ ትምህርት ቤቱ የደረሱት በኅዳር ወር ነው። አሥር ነበሩ። ከዚያ በፊት ላብራቶሪው የነበረው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ጫፉ ተሰብሮ በጥጥ እንደተጠቀለለ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። የኬሚስትሪ መምህርቷ አልጣሽ ካርቶኑን ስትከፍት እንደ ልጅ ደስ አላት። ቦንጋ ተመድባ አሥራ አንደኛ ክፍልን ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ሙቀት የሚያወጣ ሪአክሽንን ያስተማረችው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ሙቀት ይወጣል፣ ይህን ያህል ዲግሪ ይጨምራል ትላለች፤ ተማሪዎቹም ይጽፋሉ። ጠርሙሶቹን ክፍል ድረስ ይዛ ሄዳ የምታሳያቸው የቀለሙን መለወጥ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ገብታ የላብ ቴክኒሻኑን ጋሽ ሀብተሥላሴን አገኘቻቸው።

«ጋሽ ሀብተ፣ ከነገ ወዲያ ሙቀት ልናስለካ ነው። አሲዱንና ሶዳውን ያዘጋጁልኝ።»

«ሙቀት?» አሉ። «ቀለሙ አይበቃም?»

«ቴርሞሜትር መጣልን እኮ።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ካርቶኑን አዩት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጠርሙሶቹ መደርደሪያ አዞሩ። ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ገጠር ሰው ናቸው። በዚያ ላብራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አሥር ወር ነው። አልጣሽ ራሷ ከቢታ ገነት መጥታ እዚሁ ትምህርት ቤት ስትማር፣ ቢከር እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩዋት እሳቸው ነበሩ። ኮሌታው ላይ በእጅ የተሰፋውን ነጭ ጋዋን ሳይለብሱ አንድም ጠርሙስ አይነኩም።

በቀጠሮው ቀን ስትመጣ አሥር ኩባያ ተደርድሮ ጠበቃት። ጋሽ ሀብተሥላሴ የፕላስቲክ ኩባያውን ሌላ ትልቅ ኩባያ ውስጥ ከተው፣ መሐሉን በደረቀ የቡና ገለባ ጠቅጥቀው፣ ከካርቶን የተቆረጠ ክዳን ሠርተውለታል። ሙቀት እንዳያመልጥ ነው። ከዚያ የተሻለ በገንዘብም አይገኝም ነበር።

ስድሳ አራት ተማሪ በአሥር ግሩፕ ተከፍሎ ሥራው ተጀመረ። አሲዱን በኩባያው አደረጉ፤ ሙቀቱን ለኩ፤ ቤዝ የሆነውን ሶዳ ጨመሩ፤ እያማሰሉ ቴርሞሜትሩ ላይ አፈጠጡ። በስሌት የሚጠበቀው የስድስት ነጥብ ስምንት ዲግሪ ጭማሪ ነው። አልጣሽ በግሩፖቹ መሐል ስትዘዋወር አንዲት ልጅ እጇን አነሣች። ፈርዶስ ትባላለች። አባቷ ከሚል ከስልጤ መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ቦንጋ ነው።

«ቲቸር፣ የእኛ ሦስት ነጥብ አራት ነው።»

«ድጋሚ ሥሩት።»

«ሦስት ጊዜ ሠርተነዋል።»

አልጣሽ ወደ ሌሎቹ ሄደች። ሦስት ነጥብ ሦስት። ሦስት ነጥብ አምስት። ሦስት ነጥብ ሁለት። ከአራት ያለፈ አንድም አልነበረም። ሰሌዳው ፊት ቆመችና ትንሽ አሰበች።

«ሙቀቱ አምልጧል» አለች። «ኩባያችን የፋብሪካ አይደለም። ውጤት በሚለው ቦታ ስድስት ነጥብ ስምንት ብላችሁ ጻፉ።»

ዘጠኙ ግሩፕ ጻፈ። ፈርዶስ ግን ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ አስመጥታ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለብ አድርጋ በዚያው ኩባያ አደረገችው፤ ክዳኑን ዘግታም በየደቂቃው ለካችው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የወረደው ግማሽ ዲግሪ እንኳ አልሞላም። ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ ኩባያው ሙቀት አያፈስም። እዩት።»

«ፈርዶስ፣ ደወሉ ሊደወል ነው።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ያልኩሽን።»

ልጅቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሪፖርቷን ስታስረክብ ውጤት በሚለው ቦታ የጻፈችው ሦስት ነጥብ አራት ነበር።

አልጣሽ ያ ቁጥር ለምን እንደከበዳት ያወቀችው ወረቀቶቹን ይዛ መምህራን ክፍል ስትገባ ነው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የተሠሩ የላብራቶሪ ሥራዎችን ሪፖርት ያደርጋል። በመጀመሪያው ዓመቷ፣ «ቴርሞሜትር ስለሌለ ሙቀቱ አልተለካም» ብላ ጽፋ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ አስፋው ሪፖርቱን፣ «ያልተሠራ ሥራ ሪፖርት አይደረግም፤ ይስተካከል» ብለው በቀይ እስክሪብቶ መለሱላት። አስተካከለችው። ስድስት ነጥብ ስምንት ብላ ጻፈች። በሁለተኛው ዓመት እውነት እንዲመስል ስድስት ነጥብ ሰባት፣ በሦስተኛው ስድስት ነጥብ ዘጠኝ አደረገችው። አምና እንደገና ስድስት ነጥብ ስምንት። ሲሰላ የሚወጣው ይኸው ነው፤ ቢለካም ከዚህ ብዙ አይርቅም ስትል ለራሷ ነግራ ነበር። ውሸት ነው ብላ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም።

ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ወደ ላብራቶሪው ተመለሰች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ኩባያዎቹን እያጠቡ ነበር።

«ጋሽ ሀብተ፣ አሲዱ ምን ሆኖ ነው?»

«ቀጥኗል» አሉ፤ ከቧንቧው ፊታቸውን ሳያዞሩ። «እኔ ነኝ ያቀጠንኩት።»

ቧንቧውን ዘግተው እጃቸውን በጋዋናቸው ጠረጉና በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ኬሚካል ከመጣ አራት ዓመት አለፈው። በየዓመቱ ጠይቄያለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሊያልቅ ሲል ትንሽ ውሃ ጨመርኩ። በዓመቱም እንደዚያው። አሲዱንም ሶዳውንም እኩል ነው የማቀጥነው፤ አንዱን ብቻ ባቀጥን ቀለሙ በቦታው አይለወጥም። ልጆቹ ቀለሙ ሲለወጥ ያዩ ነበር። ባዶ ጠርሙስ ከማሳየት ይሻላል ብዬ ነው። ሙቀቱ ግን እሺ አይልም፤ እሱን አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

ቀና ብለው አዩዋት።

«ታውቂ የለ እንዴ?»

«ምኑን?»

«ሪፖርትሽን ፋይል የማደርገው እኔ እኮ ነኝ። የመጀመሪያውን ስድስት ነጥብ ስምንት ሳይ፣ ከሆነ ቦታ ቴርሞሜትር ተውሳ ለክታለች፣ ማነሱን አይታለች፣ እኔን እንዳይጠይቁኝ ብላ ግን ሙሉውን ጻፈች አልኩ። በየዓመቱም እንደዚያ አደረግሽ። ለባለቤቴ ለሶሲም ነግሬያታለሁ። ማሩን በየዓመቱ ለምን የማመጣልሽ ይመስልሻል?»

በየዓመቱ በሰኔ ጋሽ ሀብተሥላሴ ከማንኪራ ነጭ ማር ያመጡላታል። ለሁሉም የሚሰጡ መስሏት ነበር። ያን ጊዜ፣ «ጋሽ ሀብተ፣ እኔ አንድ ቀንም ለክቼ አላውቅም» ማለት ነበረባት። ለማለት አፏን ከፈተች። ነገር ግን እኒህ ሰው ፊታቸው ላይ ያለው ምስጋና አራት ዓመት የቆየ ነው፤ እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማፍረስ ከበዳት።

«እንግዲህ ዘንድሮ ኬሚካል ይጠየቃል» ብቻ አለች።

«ይጠየቃል» አሉ እሳቸውም።

ለፈርዶስ ሪፖርት ከአሥር አራት ሰጠቻት። ልጅቷ ውጤቱን አይታ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

በመጋቢት ወር የተማሪዎች የሳይንስ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ከየወረዳው ተማሪዎች ሥራቸውን ይዘው ቦንጋ መጡ። ፈርዶስ ያቀረበችው በነጭ ካርቶን ላይ በእጇ የጻፈችውን ጥናት ነበር። ኩባያውን፣ የቡና ገለባውን፣ ሙቅ ውሃ ስትለካ ያገኘችውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ አስቀምጣለች። መጨረሻው ላይ፣ «በጠርሙሶቹ ላይ አንድ ሞላር ይላል፤ በወጣው ሙቀት ሲሰላ ግን ግማሽ ነው» ይላል። ከሌላ ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ለረጅም ጊዜ ቆመው አነበቡት።

«ይህ አሲድ ከየት ነው?» ሲሉ ጠየቋት።

«ከትምህርት ቤታችን ስቶር ነው።»

«ማን ነው ይህን መለካት ያስተማረሽ?»

«ቲቸር አልጣሽ» አለች ፈርዶስ። አልጣሽ ከጎኗ ቆማ ነበር። ዳኛው የመምህርቷን እጅ ጨበጡ።

ፈርዶስ ሁለተኛ ወጣች። ዳኛው ግን በቅን ልብ፣ ከውጤቱ ጋር አንዲት አጭር ማስታወሻ አያይዘው ሄዱ፤ የዚህ ትምህርት ቤት ኬሚካል ይዘቱ ቢመረመር መልካም ነው የሚል። ማስታወሻዋ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ስትሄድ ቃሏ እየተለወጠ ሄደ። በሚያዝያ አጋማሽ ከትምህርት መምሪያው የተላከ፣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ፣ የያዘው ደብዳቤ «የተሰረቀ ኬሚካልን ይመለከታል» ይል ነበር።

በዚያው ሳምንት አልጣሽ ሌላ ነገር እየጠበቀች ነበር። ባሏ ደጉ የሚሠራው ጅማ ነው። የሰባት ዓመት ልጃቸው በእምነት የምትኖረው ከሱ ጋር ነው፤ አልጣሽ በወር አንዴ ሄዳ ታያታለች። ከክልል ወደ ክልል መዛወር ቀላል አይደለም። አምስት ዓመት አመልክታ ዘንድሮ ስሟ ከዝርዝሩ ገብቷል። በዲሲፕሊን የተጠየቀ መምህር ግን ስሙ ይሰረዛል። ይህንን የማያውቅ መምህር የለም።

ኮሚቴው የተቀመጠው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ሰብሳቢው አቶ ኃይለሚካኤል ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ሰውን በአንቱታ የሚያናግሩ ሰው ናቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ከበሩ አጠገብ፣ ጋዋናቸውን አውልቀው በክንዳቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አልጣሽ ስትጠራ እሳቸው ቃላቸውን ሰጥተው ጨርሰዋል። ውሃ መጨመራቸውን አልካዱም፤ በአራት ዓመት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ ነው ብለዋል። ኬሚካል የጠየቁባቸው ደብዳቤዎች ግን በፋይል ውስጥ አልተገኙም። አቶ አስፋውም አላስታውስም ብለዋል።

አቶ ኃይለሚካኤል አራት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«መምህርት አልጣሽ፣ እነዚህ ሪፖርቶች የእርስዎ ናቸው?»

«አዎ።»

«ፊርማውስ?»

«የኔ ነው።»

«አምና በግንቦት የሙቀት ጭማሪው ስድስት ነጥብ ስምንት ነው ይላል። ለክተው ያገኙት ነው?»

አልጣሽ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ወደ በሩ አየች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ወለሉን ይመለከቱ ነበር። ቀና አሉና፣ ከእሷ በቀር ማንም በማያየው ሁኔታ፣ ራሳቸውን ትንሽ ነቀነቁ። አትናገሪ ማለታቸው ነው። ለእሳቸው ብላ የዋሸች ስለመሰላቸው፣ በእሳቸው ምክንያት እንዳትጠፋ ነው።

«ለክቼ ነው» አለች።

«እንግዲያስ እስከ አምና አሲዱ ሙሉ ነበር ማለት ነው» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል እየጻፉ። ወደ በሩ ዞሩ። «አቶ ሀብተሥላሴ፣ እርስዎ በአራት ዓመት ነው ብለውናል። መምህርቷ በየዓመቱ ለክተዋል፤ በየዓመቱም ሙሉ ሆኖ አግኝተውታል። ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ጋዋናቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«እሷ አልተሳሳተችም» አሉ።

«ስለዚህ ዘንድሮ ነው የቀነሰው።»

«እንደሚሉት ይሁን።»

«ግማሹን ለማን ሰጡት? ለሳሙና ሠሪዎች ነው? ለባትሪ ቤት?»

«ለተማሪዎቹ ነው የሰጠሁት።»

ከኮሚቴው አንዱ ፈገግ አለ። አቶ ኃይለሚካኤል ግን ፈገግ አላሉም፤ «በጠያቂው ላይ ለማፌዝ ሞክረዋል» ብለው መዝገቡ ላይ አሰፈሩት።

አልጣሽ ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ክፍል ገባች፤ ለአርባ ደቂቃ አስተማረች። ምን እንዳስተማረች ግን ደወሉ ሲደወል አታውቀውም ነበር።

ጋሽ ሀብተሥላሴ በሳምንቱ ከሥራ ታገዱ፤ ጉዳዩም ለፖሊስ ተመራ። አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ገዛ የተባለ ሰው ስላልተገኘ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አልተዋቸውም። ከሥራ የመሰናበቻ ደብዳቤያቸው በግንቦት መግቢያ ላይ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉበት ግቢ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ዘበኛው ቦርሳቸውን ፈተሸው። ዘበኛው ራሱ ተማሪያቸው የነበረ ነው፤ እየፈተሸም አያያቸውም። ከተማው ውስጥ ስማቸው «አሲዱ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተከራዩትን ቤት ለቀው ከባለቤታቸው ከእትዬ ሶሲ ጋር ማንኪራ፣ ወደ አባታቸው ቦታ ተመለሱ።

በወሩ መጨረሻ አንድ ፒካፕ ግቢው ገባ። አራት ዓመት ያልመጣው ኬሚካል መጣ። ሁለት ሣጥን ሙሉ ነው። የተረከበው አዲስ የተመደበ ቴክኒሻን ነበር።

ፈርዶስ ወደ አልጣሽ የመጣችው በዚያው ቀን ነው። በመምህራን ክፍል በረንዳ ላይ ደብተሯን አቅፋ ቆመች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«ድሮ በምን ነበር የሚለኩት?»

«ምኑን?»

«ሙቀቱን። ቴርሞሜትር የመጣው ዘንድሮ ነው።»

«አንድ ነበረ።»

«የተሰበረው?»

አልጣሽ ዓይኗን ወደ ግቢው አዞረች። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ ጋሽ ሀብተን ሌባ አላልኩም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ልክ አይደለም ነው ያልኩት። ይህንን ለኮሚቴው ልነግር አባቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ለአባቴ፣ ልጅህን ትምህርቷን ትማር በላት አሉት። እርስዎ በየዓመቱ ለክተዋል ሲሉኝ የተሰበረውንም ነገርኳቸው፤ በንብረት መዝገብ ላይ አንድ ቴርሞሜትር አለ ይላል አሉኝ። እርስዎ ቢነግሯቸው ግን ይሰማሉ።»

አልጣሽ ጅማ ያለችውን ልጇን ልትነግራት ፈለገች። አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ፣ በእምነት ስልክ ላይ «መቼ ነው የምትመጪው» ስትላት ምን እንደሚሰማት ልትነግራት ፈለገች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ይህን ሰምታ ምን ታደርገዋለች?

«ክፍልሽ ግቢ» አለቻት።

በሰኔ በአዲሱ ኬሚካል ሥራው ተደገመ። ግሩፖቹ በየተራ ለኩ፤ ስድስት ነጥብ አምስት፣ ስድስት ነጥብ ስድስት እያሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ፈርዶስ ቴርሞሜትሩን አልነካችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ከጎኗ ካለችው ልጅ ወረቀት ላይ ገልብጣ አስረከበች። ማሰሪያ ዓረፍተ ነገሯን ሳይቀር ነው የገለበጠችው። አልጣሽ አሥር ከአሥር ሰጠቻት፤ ሌላ የምትሰጣት ነገር አልነበራትም።

የዝውውሩ ደብዳቤ በሐምሌ ወጣ። ስሟ አለ። ደጉ በስልክ ሳቀ፤ በእምነት ስልኩን ነጥቃ የራሷን አልጋ ለእናቷ እንደምትለቅ ነገረቻት። አልጣሽም ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ግን ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። አራቱንም ዓመት አለመለካቷን፣ ቁጥሮቹን ከስሌት መጻፏን፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ የተናገሩት እውነት መሆኑን ጻፈች። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ፈርማ በማግስቱ መምሪያው ድረስ ለአቶ ኃይለሚካኤል ይዛላቸው ሄደች።

ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ዝውውርዎ ወጥቷል አይደል?» አሏት።

«ወጥቷል።»

«ይህ ከገባ ይሰረዛል። በሐሰት ሪፖርትም ይጠየቃሉ። ኮሚቴው ተሳስቷል ማለትም ይሆናል። ኮሚቴው ደግሞ በፊቱ በቀረበለት ማስረጃ ነው የሠራው፤ ማስረጃውን የሰጡት እርስዎ ነዎት።» ወረቀቱን አጥፈው በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «እኔ አላየሁትም። አስገባለሁ ካሉ መዝገብ ቤቱ ከታች ነው፤ ቁጥር ይሰጡታል። ማንም አይከለክልዎትም።»

አልጣሽ ደረጃውን ወረደች። የመዝገብ ቤቱ በር ክፍት ነበር። አንዲት ሴት ማኅተም እየመታች ነው፤ ቀና ብላ አይታት፣ «ደብዳቤ ነው?» አለቻት።

«አይ» አለች አልጣሽ። «ሰው ፈልጌ ነው።»

ወደ ጅማ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ማንኪራ ሄደች። በሞተር እስከሚያስኬደው ድረስ ሄዳ የቀረውን በጭቃ ውስጥ በእግሯ ነው የሄደችው። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ዛፉ ግን ገና ያንጠባጥባል። እትዬ ሶሲ ከደጅ ተቀበሏት፤ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሰላም ተባባሉ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ከጓሮ ቀፎ እየጠገኑ ነበር። ሲያዩዋት ብድግ አሉ፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ጨበጧት፤ የተቀመጡበትን ጉማጅ ግንድ ለቀቁላት።

«ለስንብት ነው የመጣሽው» አሉ። «ሰምቻለሁ። ከልጅሽ ጋር በመሆንሽ ደስ ብሎኛል።»

«ጋሽ ሀብተ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«ተቀምጠሽ ንገሪኝ።»

አልተቀመጠችም። ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። እንደ ሁልጊዜያቸው ቀስ ብለው አነበቡት፤ ሲጨርሱ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

«አልለካሁም ነው የሚለው» አሉ።

«አዎ።»

«አንድ ጊዜም?»

«አንድ ጊዜም። መቅጠኑን አላውቅም ነበር። የጻፍኩት ለእርስዎ ብዬ አልነበረም።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ፊርማዋን አዩ። እትዬ ሶሲ ከበሩ ላይ ሆነው ያያሉ።

«አሥራ አንድ ቀን ስታሰር» አሉ በመጨረሻ፣ «አብረውኝ የነበሩት ሰዎች፣ ሰው የለህም ወይ፣ የሚመሰክርልህ ሰው የለም ወይ ይሉኝ ነበር። አለኝ እላቸው ነበር። አንዲት ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ሸፍናኛለች፤ አሁን እኔ ነኝ የምሸፍናት እላለሁ። ይህን እያልኩ እተኛ ነበር።»

አልጣሽ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባውን አዩ።

«ማኅተም የለውም።»

«ሊቀበሉኝ አልፈለጉም።»

«መዝገብ ቤት አስገብተሽ ነበር?»

«አላስገባሁም።»

«እንግዲያ ለእኔ ብቻ ነው የጻፍሽው» አሉ። በነበረው እጥፋት አጥፈው መለሱላት። «እኔ ደግሞ ሳይነገረኝ ይሻለኝ ነበር።»

ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ጎንበስ ብለው ቀፎውን አነሡ፤ የላላውን ልጥ በጥርሳቸው ይዘው ማጥበቅ ቀጠሉ። አልጣሽ ይቅር ይበሉኝ አለች። ሰሙ፤ እጃቸው ግን ልጡን ማጥበቁን አላቆመም። ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ እትዬ ሶሲ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ወደ መንገዱ መሯት። ምንጩ ድረስ አብረዋት ሄዱ። ምንጩ ላይ ሲደርሱ በካፊኖኖ፣ «ከዚህ ወዲያ መንገዱን ታውቂዋለሽ» አሏትና መልሷን ሳይጠብቁ ተመለሱ።

አልጣሽ በመስከረም ጅማ ማስተማር ጀመረች። በጥቅምት አንድ ቀን ደጉ የልደት ካርድ ሲፈልግ ከሰነዶቿ መሐል የታጠፈውን ወረቀት አገኘው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አላት።

«የድሮ ሥራ ነው» አለችው፤ ወረቀቱንም ከእጁ ወሰደችው። ሁለተኛ አልጠየቃትም።